የሳንቲም ጠረጴዛዎች ዘመን

በ2004 አንድ አሜሪካዊ 10 ዶላር ይዞ የኢንተርኔት ፖከር ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሉ ሰው መቀመጥ ይችል ነበር (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መደቡ 5 እና 10 ሳንቲም ነው፤ ዝቅ ሲል ደግሞ 1 እና 2 ሳንቲም። ካርታውን የሚበውዘው ኮምፒውተር ስለሆነ ጠረጴዛው አይዘጋም፣ አዳዩ አይደክምም፣ ጉርሻ የሚጠብቅም የለም። በእውነተኛ ቁማር ቤት በሰዓት 30 ያህል እጅ ይታደላል። በስክሪን ላይ ግን ከእጥፍ በላይ ነው፣ ያውም በአንድ ጠረጴዛ ብቻ። አራት ጠረጴዛ ጎን ለጎን የከፈተ ሰው የላስ ቬጋስ ቁማርተኛ በሳምንት የሚያየውን ካርታ በሁለት ምሽት ያይ ነበር።

በዚያ ዘመን የተጫወቱ ሰዎች ሲያወጉ አንድ እጅ ደጋግሞ ይነሳል፤ ሁለቱም ልብ የሆኑ 8 እና 7። ሁለት ኤስ የያዘ ሰው ብዙ የሚያወራው የለውም። የልብ 8 እና 7 ግን ተስፋ ነው። ፍላሽ ሊሞላ ይችላል፣ ስትሬት ሊሞላ ይችላል፣ ቢሞላ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ይህን እጅ ይዞ ከመጥፎ ወንበር ያልከፈለ፣ ከፍሎም ያልተበላ የሳንቲም ተጫዋች ማግኘት ይከብዳል። ስንት ገንዘብ በዚህ በኩል እንደፈሰሰ ያወቁት ዘግይተው ነው፤ ለምን እንደፈሰሰ ለመረዳት ደግሞ ከዚያም በላይ ጊዜ ወሰደባቸው።

ካርታ ሲባል ኮንከር ለሚታወሰው አንባቢ ጨዋታውን በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። በቴክሳስ ሆልደም ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች መሀል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ፣ ፍሎፕ ይባላል፤ ቀጥሎ አንድ፣ ተርን፤ በመጨረሻም አንድ፣ ሪቨር። በየመሀሉ የውርርድ ዙር አለ። ተራው የደረሰው ያስይዛል ወይም ቼክ ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ካስያዘ ደግሞ ይከፍላል፣ ይጨምራል ወይም ካርታውን ይጥላል። አምስት ካርታ አንድ ምልክት ከሆነ ፍላሽ፣ በተከታታይ ከመጣ ስትሬት ነው። አራቱ ተገኝተው አንዱ ሲቀር ድሮው ይሉታል፤ ያልሞላ እጅ። ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ በግዴታ የሚያስይዙት ገንዘብ ስሞል ብላይንድና ቢግ ብላይንድ ይባላል። ከፍሎፕ ጀምሮ ቀድሞ የሚናገረው ስሞል ብላይንዱ ነው፤ በመጨረሻ የሚናገረው በተን የተባለው ወንበር ላይ ያለው ሰው። ይህ ቅደም ተከተል እጁ እስኪያልቅ አይለወጥም። ፖዚሽን ማለት ይኸው ነው፤ የዚህ ታሪክ ጣጣም ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል።

ነገሩ ሲጀመር ቀዝቃዛ ነበር። ፕላኔት ፖከር የተባለው ድረ ገጽ በእውነተኛ ገንዘብ የመጀመሪያውን እጅ ያጫወተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ነው። በ2001 ፓርቲፖከርና ፖከርስታርስ ተከተሉ። እሳቱን ያቀጣጠለው ግን የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር ነው። በ2003 ፖከርስታርስ ላይ 86 ዶላር ከፍሎ በገባበት ማጣሪያ፣ መግቢያው 10,000 ዶላር ለሆነው የላስ ቬጋስ ዓለም አቀፍ ውድድር አለፈ። ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥቶም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በዓመቱ የተወዳዳሪው ቁጥር 2,576 ደረሰ። በ2006 ደግሞ 8,773።

ቴሌቪዥኑም ያን ጊዜ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ከዚያ በፊት ፖከር ለተመልካች የሚያሰለች ነገር ነው፤ ካርታው ተደፍቷል፣ ሰዎቹ ዝም ብለዋል። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ አሜሪካ የገባውና በአሻንጉሊት ንግድ የከበረው ሄንሪ ኦረንስታይን የተደፋውን ካርታ ለተመልካች የሚያሳይ ካሜራ ፈለሰፈ። (ትራንስፎርመርስ የተባሉት አሻንጉሊቶች አሜሪካ እንዲገቡም እጁ አለበት፤ ልጁንም አባቱንም መጫወቻ ያስያዘ ሰው ነው።) ካሜራው በ1999 እንግሊዝ ውስጥ በቴሌቪዥን ታየ፤ በ2003 የአሜሪካ ተመልካች ለመደው። ከካርታዎቹ ጎን የማሸነፍ ዕድል በመቶኛ ተጽፎ ይወጣል። አንዱ 65፣ ሌላው 35።

እነዚህ ቁጥሮች ትክክል ነበሩ፤ አሳሳችም ነበሩ። የሚሰሉት ቀሪዎቹ ካርታዎች ሁሉ እስኪገለጡ ድረስ ማንም ሌላ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ተደርጎ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚናገር የሚያሳይ ቁጥር በስክሪኑ ላይ አልነበረም። የዚያ ትውልድ ተጫዋች ፖከርን ያየው ከላይ ነው፤ የሁሉም ካርታ ተገልጦለት። በራሱ ጠረጴዛ ሲቀመጥ ግን የሚያውቀው የራሱን ሁለት ካርታ ብቻ ነው።

ሒሳቡን በፍጥነት ተማሩ። ከፍሎፕ በኋላ አራት ልብ ያለው ሰው ካላያቸው 47 ካርታዎች ውስጥ 9 ልብ ይቀሩታል። ተርን ላይ የመሙላት ዕድሉ 19 በመቶ ነው፤ እስከ ሪቨር ከተቆጠረ 35 በመቶ። በጥድፊያ ላይ ላለ ሰው አቋራጭ አለ፤ የሚረዱትን ካርታዎች ብዛት ፍሎፕ ላይ በአራት፣ ተርን ላይ በሁለት ማባዛት። ብዙዎች ይህን ሲያውቁ ጨዋታውን ያወቁ መሰላቸው። አንድ ምልክት ያላቸው ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ፍላሽ ሆነው የሚገኙት ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ በማይሞላ ዕድል መሆኑን፣ ያልሞላ ፍላሽ ይዘው የሚገኙትም ወደ 11 በመቶ በሚጠጋ ዕድል ብቻ መሆኑን ግን ጥቂቶች ናቸው ልብ ያሉት። በቀረው ጊዜ ሁሉ የልብ 8 እና 7 ይዞ የከፈለ ሰው በአብዛኛው ምንም ይዞ አይገኝም።

ሆኖም ሞኞች ነበሩ ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለዓመታት ያደረጉት ትክክል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትንሽ መደብ ዋና ጨዋታ ሊሚት ነው፤ የሚያዘው መጠን የተወሰነ። በ50 ሳንቲምና በ1 ዶላር ጠረጴዛ ላይ አሥር ሰው ተቀምጦ ስድስቱ ፍሎፕ ለማየት 50 ሳንቲም ሲከፍሉ መሀሉ ላይ 3 ዶላር ይጠራቀማል። አንዱ 50 ሳንቲም ሲያስይዝ ያልሞላ ፍላሽ የያዘው 50 ከፍሎ 3.50 ለማግኘት ይጫወታል፤ ሰባት ለአንድ። ሒሳቡ የሚጠይቀው ደግሞ 4.2 ለአንድ ብቻ ነው። ሌሎቹም ከኋላ ይከፍላሉ። በ2004 የወጣው የኤድ ሚለር፣ የዴቪድ ስክላንስኪና የሜሰን ማልሙዝ ‹ስሞል ስቴክስ ሆልደም› ይህንኑ አስተማረ፤ ብዙ ሰው በሚከፍልበት ጠረጴዛ ያልሞላ ፍላሽ ለመጨመር እንኳ የሚበቃ እጅ ነው። ስድስት ሰው እያዋጣ አንዱ ከሦስት አንድ ጊዜ በላይ ሲያነሳ ወንበሩ ከፊት ይሁን ከኋላ ያን ያህል አይጎዳም። ሦስተኛው ልብ ሲወርድም አንድ ጥንድ የያዘው ሰው ይከፍላል። አጠገቡ ያለውም ይከፍላል። ለማየት ጓጉቶ ብቻ የሚከፍል አይጠፋም።

እንዲህ ያለ ልማድ በሽልማት የተተከለ ስለሆነ በቀላሉ አይነቀልም።

ሁለት ነገር ተከትሎ መጣ። የመጀመሪያው ኖ ሊሚት የተባለው፣ ያለውን ሁሉ በአንዴ ማስያዝ የሚፈቅደው ጨዋታ የሊሚትን ቦታ መውሰዱ ነው፤ ሁሉም በቴሌቪዥን ያየውን መጫወት ፈለገ። ሁለተኛው ሕግ ነው። ኦክቶበር 13 ቀን 2006 ፕሬዚዳንት ቡሽ ስለ ወደቦች ደኅንነት በወጣ አዋጅ ጀርባ የተለጠፈ፣ ባንኮች ለሕገ ወጥ የኢንተርኔት ቁማር ክፍያ እንዳያስተላልፉ የሚከለክል ሕግ ፈረሙ። የፓርቲፖከር ባለቤት ወዲያው አሜሪካን ለቆ ወጣ። በጃንዋሪ 2007 ብዙ ተጫዋች ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበት የኔቴለር መሥራቾች ታሰሩ። ገንዘብ ማስገባት ሲከብድ ቀድሞ የጠፋው ቅዳሜ ማታ ቢራ ይዞ 20 ዶላር የሚያስገባው ሰው ነው። የቀሩት ሥራዬ ብለው የያዙት ሆኑ።

በዚህ አዲስ ጠረጴዛ ላይ የድሮው እጅ ምን እንደሚገጥመው በምሳሌ ማየት ይሻላል። መደቡ 5 እና 10 ሳንቲም ነው እንበል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች 10 ዶላር አላቸው። በተን ላይ ያለው ሰው ወደ 30 ሳንቲም ይጨምራል። ስሞል ብላይንዱ የልብ 8 እና 7 አይቶ 25 ሳንቲም ያክላል፤ 5ቱን አስቀድሞ አስይዟል። ቢግ ብላይንዱ ይጥላል። መሀል ላይ 70 ሳንቲም አለ። ፍሎፑ የልብ ኪንግ፣ የልብ 4 እና የስፔድ 2 ሆኖ ይወርዳል። አራት ልብ። ስሞል ብላይንዱ ቼክ ይላል፤ በተኑ 50 ሳንቲም ያስይዛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከፍሎ እኩል ለመውጣት 29 በመቶ ያህል ዕድል ያስፈልገዋል፤ ተርን ላይ ያለው ግን 19 በመቶ ነው። ሰውየው ቴሌቪዥን ላይ ያየውን 35 በመቶ አስቦ ይከፍላል። መሀሉ 1.70 ይሆናል። ተርን ላይ የስፔድ ጃክ ይወርዳል፤ አይረዳውም። እንደገና ቼክ ይላል። በተኑ 1.20 ያስይዛል። የ35ቱ በመቶ ግማሽ ተበልቷል፤ አሁን የቀረው 9 ከ46፣ ማለትም 19.6 በመቶ ነው። ያ ሁለተኛ ካርታ በነፃ እንዳልነበረ የሚገባው ይኼኔ ነው። ከፍሎ እንዳይከስር፣ ልቡ ሲወርድለት ከተጋጣሚው በአማካይ 2 ዶላር ከ3 ሳንቲም ተጨማሪ መቀበል አለበት።

ልቡ ወረደ እንበል። ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ቢያስይዝ፣ እስካሁን ዝም ብሎ ሲከፍል የቆየ ሰው ሦስተኛ ልብ ሲወርድ ድንገት ካስያዘ ምን እንደያዘ ተጋጣሚው ያውቃል፤ ኪንጉን ይጥላል። ቼክ ብሎ ቢያደባ፣ ተጋጣሚው ያንኑ ልብ ፈርቶ ቼክ ይላል፤ ካርታ ይገለጣል፣ እሱም ሳንቲም ሳይጨመርለት ያሸንፋል። 2 ዶላሩ የለም። ይባስ ብሎ ተጋጣሚው በደስታ ከፍሎ ጭራሽ የሚጨምርባቸው ቀኖች አሉ፤ የልብ ኤስ ይዟል ማለት ነው፤ በ8 የተሞላ ፍላሽም ያን ጊዜ 10 ዶላር የሚያስበላ እጅ ይሆናል።

ወንበራቸውን ቢቀያየሩ ያው ካርታ ሌላ ታሪክ ይኖረዋል። ተጋጣሚው ፍሎፕ ላይ ቼክ ካለ የልብ 8 እና 7 የያዘው ተርንን በነፃ ያያል። ካስያዘበት ዋጋውን አውቆ ይወስናል። ሪቨር ላይ ልቡ ሲወርድ ተጋጣሚው ማስያዝ ወይም ቼክ ማለት አለበት፤ ካስያዘ ይጨመርበታል፣ ቼክ ካለ ደካማ መሆኑ ታውቆ ሊከፍለው የሚችለውን ያህል ይጠየቃል። የዕድሉ መቶኛ አልተለወጠም። የተለወጠው ያ ዕድል ሲሠራ የሚገባው ገንዘብና ሳይሠራ የሚወጣው ገንዘብ ነው።

ይህን በጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ልብ አላለውም። ያስደነገጣቸው ሶፍትዌር ነው። ድረ ገጾቹ የተጫወቱትን እያንዳንዱን እጅ በጽሑፍ ፋይል ኮምፒውተራቸው ላይ ያስቀምጡላቸዋል። ፖከርትራከር የተባለው ፕሮግራም ፋይሎቹን ለቃቅሞ ገቢና ወጪን በየወንበሩ ከፍሎ ያሳያል። በተን ላይ አረንጓዴ፣ በብላይንዶቹ ላይ ቀይ። በብላይንድ መክሰር በራሱ የሚያሳፍር አይደለም፤ በግዴታ ስለሚያስይዙ አሸናፊዎቹም እዚያ ይከስራሉ። የሚያሳፍረው መጠኑ ነው። ካርታውን ሁልጊዜ ቢጥሉ ኖሮ ከሚከስሩት በላይ ከስሞል ብላይንድ የከሰሩ ብዙዎች ናቸው። ባይጫወቱ ይሻላቸው ነበር ማለት ነው፤ ቃል በቃል።

መድኃኒት አልጠፋም። ስክላንስኪ ‹የፖከር ቲዎሪ› በተባለው መጽሐፉ ሰሚ ብለፍ ያለው አለ፤ ያልሞላ እጅ ይዞ ዝም ብሎ ከመክፈል ይልቅ መጨመር። ተጋጣሚው ከጣለ ወዲያው ያሸንፋሉ፤ ከከፈለ ደግሞ የሚሞላበት ዕድል አለ። ቀድሞ ለሚናገር ሰው ቼክ ብሎ ሲያስይዙበት መልሶ መጨመር ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ከበተኑ ላይ ይነጥቃል። መድኃኒቱ ግን በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይሠራም ነበር፤ ማን ይጥላል? ለ60 ሳንቲም ካርታውን የሚጥል ሰው በ2004 ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ ብርቅ ነው። መጣል የሚያውቁት ተጋጣሚዎች ሲመጡ ደግሞ አብዛኛው ሰው መክፈሉን ለምዶታል።

ከዚህ በኋላ ወደ 2003 ተመልሶ መኒሜከርን ማየት ደስ ይላል። በመጨረሻ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀሩ ተጋጣሚው ሳም ፋርሃ ላይ የሠራው ብለፍ፣ ማለትም ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራት፣ በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። መኒሜከር የስፔድ ኪንግና የልብ 7 ነበረው። ፋርሃ 9 እና ኩዊን ይዞ ፍሎፕ ላይ ወርዶ ከነበረው 9 ጋር ጥንድ ሠርቷል። ተርን ላይ ሦስተኛው ስፔድ፣ 8 ሲወርድ መኒሜከር ፍላሽም ስትሬትም ሊሞላለት የሚችል እጅ ያዘ። ፋርሃ አስያዘ፤ መኒሜከር ጨመረ፤ ፋርሃ ከፈለ። ሪቨር ላይ ምንም አልመጣም። ፋርሃ ቼክ አለ፤ መኒሜከር ያለውን ሁሉ አስያዘ። ፋርሃ የመኒሜከር ፍላሽ ሳይሞላ እንደቀረ ጮክ ብሎ ጠርጥሮ፣ አሰላስሎ፣ ጣለ።

ዓለም ያየው ድፍረት ነው። ካርታውን እንደገና የሚያየው ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ በሁለቱም ዙር ቀድሞ የተናገረው ፋርሃ ነው። መኒሜከር የጨመረው ፋርሃ ማስያዙን አይቶ ነው፤ ሁሉንም ያስያዘውም የፋርሃን ቼክ ሰምቶ ነው። የፖከር ታሪክ እጅግ ዝነኛው ያልሞላ እጅ ከኋላ ወንበር የተጫወተ ነው። ያንን አይተው ኮምፒውተራቸው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ድፍረቱን ይዘው ወንበሩን ረሱት።

አንዲት ኖርዌያዊት ግን አልረሳችም። አኔት ኦብሬስታድ በ2007፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ውስጥ ሳለች፣ 180 ሰው የተሳተፈበትን ትንሽ የኢንተርኔት ውድድር ካርታዋን ሳታይ አሸነፈች፤ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን የተጫወተችው የተጋጣሚዎቿን አያያዝና የወንበሯን ቦታ እያየች ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ የላስ ቬጋሱ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ፣ ለንደን ላይ ሲካሄድ በዋናው ውድድር አንደኛ ወጥታ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደች። ካርታ ሳያዩ መጫወት ለማንም የሚመከር አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ልብ አይቶ ልቡ ለሚዘል ተጫዋች ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የኒውዮርክ ዐቃብያነ ሕግ የፖከርስታርስን፣ የፉል ቲልትንና የአብሶሉት ፖከርን መሥራቾች ጨምሮ በ11 ሰዎች ላይ ያቀረቡት ክስ ይፋ ሆነ፤ የአሜሪካ ተጫዋቾች ስክሪን በዚያ ዓርብ ተዘጋ። ፉል ቲልት የተጫዋቾቹን ገንዘብ መመለስ አቃተው። በ2012 ፖከርስታርስ 731 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከመንግሥት ጋር ተስማማ፤ ለፉል ቲልት አሜሪካውያን ተጫዋቾች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረው በ2014 ነው። ለ10 ዶላር ተጫዋች ይህ ሁሉ የሩቅ ጩኸት ይመስላል፤ ግን የእሱም ጠረጴዛ አብሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የወንበሩ ጥያቄ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በጃንዋሪ 2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ቦውሊንግ ቡድን ለሁለት ሰው የሚሆነውን ሊሚት ሆልደም በኮምፒውተር እንደፈታው ‹ሳይንስ› መጽሔት ላይ አሳተመ። ሴፊየስ የሚባለው ፕሮግራም ካወጣቸው ውጤቶች አንዱ ስለ ወንበር ነው። ሁለቱም ያለ እንከን ቢጫወቱ እንኳ ከፍሎፕ በኋላ በመጨረሻ የሚናገረው ሰው በአማካይ በየ100 እጁ ወደ 9 ቢግ ብላይንድ ያተርፋል። በካርታው አይደለም፤ ካርታውማ ለሁለቱም እኩል ነው የሚታደለው።

ዛሬ በ2 ሳንቲም መደብ የሚጀምር ወጣት ኮምፒውተር ያሰላውን ሠንጠረዥ ከስክሪኑ ጎን ከፍቶ ይቀመጣል። ድረ ገጹ ፍሎፕ ካየው ገንዘብ በአብዛኛው 5 በመቶ ገደማ ስለሚቆርጥ፣ ሠንጠረዡ በስሞል ብላይንድ ረድፍ ላይ ጨካኝ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ከጨመረ መልስ ሁለት ነው ማለት ይቻላል፤ መልሶ መጨመር ወይም መጣል። ዝም ብሎ መክፈል ከረድፉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የ2004 ሰዎች ይህን ሲያዩ አይከራከሩም። ሠንጠረዡ የተሠራው መጣል ለሚያውቅ ተጋጣሚ መሆኑን ብቻ ያስታውሳሉ፤ ከዚያም በዚያን ጊዜው 50 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሆነው ስለከፈሉበት አንድ ምሽት ማውራት ይጀምራሉ።